እውነት ወይስ ተረት? ካህን ወይም ሼህ ሳይኖር ስለሚመራ ሥርዓት

ጥር ሲገባ ቡራዩ ውስጥ ከአሸዋ ሜዳ እስከ ከታ ድረስ ድንኳን ያልተጣለበት ሰፈር ማግኘት ይከብዳል። ከተማዋ ከየአቅጣጫው የመጣ ሰው የሚኖርባት ስለሆነች ሰርጉም እንደ ሰዉ ነው። የሙሽራው ወገን ከወለጋ፣ የሙሽሪት ወገን ከጎጃም ወይም ከጋሞ ይሆናል። አንደኛው ቤት ኦርቶዶክስ፣ ሌላኛው ጴንጤ፣ አልፎ አልፎም አንዱ ወገን ሙስሊም ነው። እንዲህ ያሉ ጥንዶች ገና ቀን ሳይቆርጡ ከባድ ጥያቄ ይገጥማቸዋል፦ በማን ፊት፣ በየትኛው ቋንቋ፣ ምን ብለን እንጋባ?

በሌላ አገር ለዚህ የሚጠራ ባለሙያ አለ። የጥንዶቹን ታሪክ ያዳምጣል፣ ለእነሱ ብቻ የሚሆን ሥርዓት ያዘጋጃል፣ ቀኑ ሲደርስ ቆሞ ይመራል፤ ለልጅ ስም ማውጣትም፣ ለቀብርም ይጠራል። እኛ ጋ በዚህ ስም ፈቃድ የሚሰጠው ሙያ የለም። ሥራው ግን ድሮም ነበር፣ ዛሬም አለ። የክብር መዝገብ ሹሙ፣ ሽማግሌው፣ የመድረክ መሪውና ለቅሶ ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ የሚጽፈው ሰው ተከፋፍለው ይሠሩታል። እኔም በሰፈሬ መድረክ ስለምመራና የሕይወት ታሪክ ስለምጽፍ፣ ስለዚህ ሥራ የሚባለውን ሁሉ እሰማለሁ። ከሚባለው ውስጥ አንዳንዱ ሰውን መብቱን ስለሚያሳጣው ዝም ብሎ ማለፍ አይገባም።

«ካህን ያልባረከው፣ ኒካህ ያልታሰረበት ጋብቻ ጋብቻ አይደለም፤ የማዘጋጃ ቤት ጋብቻ ፈረንጅ ያመጣው ነው»

ተረት ነው። አያቶቻችን በምን እንደተጋቡ ብንጠይቅ መልሱን ራሳቸው ይነግሩናል። በመካከለኛውና በሰሜን ኢትዮጵያ ክርስቲያኑ ሕዝብ ለዘመናት በብዛት የተጋባው በቁርባን አልነበረም፤ በሰማንያ ነበር። ሽማግሌ ተልኮ፣ ከሁለቱም ወገን የሚመጣው ከብትና ገንዘብ ተቆጥሮ፣ ዋስ ተጠርቶ፣ ምስክር ቆሞ፣ በንጉሥ ስም ተምሎ ጋብቻው ይጸናል። ካህን ቢገኝ እንደ ጎረቤት፣ እንደ ንስሐ አባት ይመርቃል እንጂ ጋብቻውን የሚያስረው እሱ አልነበረም። ቁርባን የማይፈታ ኪዳን ስለሆነ ከካህናቱና በዕድሜ ከበሰሉ ጥንዶች በቀር ብዙ ሰው አይደፍረውም ነበር። ምኒልክና ጣይቱ በ1875 ዓ.ም. በቁርባን መጋባታቸው ለታሪክ ጸሐፊዎች ለይተው የሚጠቅሱት ጉዳይ የሆነውም ለዚህ ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ረቂቁ የተዘጋጀው በፈረንሳዊው የሕግ ምሁር በሬኔ ዳቪድ ነው፤ ይህ እውነት ነው። ሕጉ ግን ሦስት ዓይነት ጋብቻ ሲያውቅ፣ ማለትም በክብር መዝገብ ሹም ፊት የሚፈጸመውን፣ የሃይማኖቱንና የባህሉን፣ ካህን የሌለበት ጋብቻ ለዚህ አገር ሰው አዲስ ነገር አልነበረም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 34 ጋብቻ በተጋቢዎቹ ነፃና ሙሉ ፈቃድ ላይ እንዲመሠረት ደነገገ። በሰኔ 1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ሦስቱን መንገዶች ይዞ ቀጠለ፤ ጋብቻው በየትኛውም መንገድ ቢፈጸም በሕግ ፊት የሚያስከትለው ውጤት አንድ እንደሆነም በግልጽ ጻፈ። ይህ አዋጅ አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ ይሠራል። ቡራዩ፣ ሰበታና ሱሉልታ በኦሮሚያ ሥር ስለሆኑ የሚገዙት ክልሉ በ1995 ባወጣው የቤተሰብ ሕግ ነው፤ በ2015 በሸገር ከተማ ሥር መጠቃለላቸውም ይህን አልለወጠውም። መሠረቱ ግን አንድ ነው፦ ሦስት መንገድ፣ የሁለቱ ፈቃድ፣ ከ18 ዓመት ያላነሰ ዕድሜ።

ለአማኝ ሰው የቤተ እምነቱ ሥርዓት ምትክ የለውም፤ በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። በማዘጋጃ ቤት የተጋባችን ሴት «ሕጋዊ ሚስት አይደለሽም» ማለት ግን ከሕጉም ከታሪካችንም ጋር ይጋጫል።

«ሽማግሌ መርቆናል፣ አገር በልቶ ጠጥቶ መስክሯል፤ ወረቀት ምን ያደርግልናል?»

ግማሹ እውነት ነው፣ ግማሹ ግን ብዙ ሰው ጎድቷል። በባህል ወይም በሃይማኖት የተፈጸመ ጋብቻ ስላልተመዘገበ ብቻ አይፈርስም። ማስመዝገብ ግን ግዴታ ነው። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ጋብቻ፣ ፍቺና ሞት በ30 ቀን፣ ልደት ደግሞ በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለባቸው። ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ ሐምሌ 30 ቀን 2008 ተጀመረ፤ የሚመዘገበውም በቀበሌ ነው።

ችግሩ የሚታየው ሰርጉ በሞቀ ማግስት አይደለም። ባል በድንገት ሲሞት፣ ቤቱ በእሱ ስም ብቻ ሲገኝ፣ ከገጠር የመጣ ወንድም «እሷ ማን ናት?» ሲል ያን ጊዜ ነው። የምስክር ወረቀት የሌላት ሴት እንደ ባልና ሚስት መኖራቸውን በምስክር ማስረዳት ትችላለች፤ ሕጉ በር አልዘጋባትም። ግን የመረቁት ሽማግሌዎች አርፈዋል፣ ሚዜዎቹ ተበትነዋል፣ አልበሙ ላይ ያሉት ግማሾቹ ውጭ አገር ናቸው። ሐዘን ላይ ተቀምጣ ምስክር ስታፈላልግ ትከርማለች። አንዲት ወረቀት ይህን ሁሉ ታስቀር ነበር።

ሌላም አለ፤ ይህኛው አዲስ ስለሆነ በደንብ መታወቅ ይኖርበታል። አንዳንድ ወጣቶች፣ በተለይ ከውጭ መጥተው የሚጋቡት፣ ጓደኛቸውን አቁመው በአትክልት ቦታ ቃል ይገባባሉ። በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ጓደኛ ፈቃድ አውጥቶ ማጋባት ስለሚችል እዚህም የሚሠራ ይመስላቸዋል። አይሠራም። ጓደኛ፣ መድረክ መሪ ወይም አርቲስት የመራው ቃል ኪዳን የክብር መዝገብ ሹም ካልተገኘበት፣ ሃይማኖታዊ ወይም ባህላዊ ጋብቻም ካልሆነ፣ የቱንም ያህል ቢያስለቅስ በሕግ ጋብቻ አይባልም። እኔ መድረክ የምመራላቸውን ሰዎች መጀመሪያ የምጠይቃቸው «ቀበሌ መቼ ነው የምትሄዱት?» ብዬ ነው። ከዚያ በኋላ ስለ አበባው እናወራለን።

«ቀበሌ ገብቶ መፈረም ነው፤ ምን ሥርዓት አለው?»

ተረት ነው፤ ሕጉን ያነበበ ሰው እንዲህ አይልም። ተጋቢዎቹ ለመጋባት ማሰባቸውን ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ለክብር መዝገብ ሹሙ ያሳውቃሉ። ተቃዋሚ ካለ እንዲቀርብ ማስታወቂያ ይወጣል። ቀኑ ሲደርስ ጋብቻው በይፋ ይፈጸማል፤ ሁለቱ ራሳቸው ይቀርባሉ፣ እያንዳንዳቸውም ሁለት ሁለት ምስክር ይዘው ይመጣሉ። ተጋቢዎቹና ምስክሮቹ ሕጉ የሚጠይቃቸው ሁኔታዎች አለመጓደላቸውን በመሐላ ያረጋግጣሉ። ሹሙ የመሐላው ውጤት ምን እንደሆነ ይነግራቸዋል። ከዚያ ሁለቱ ለመጋባት መፍቀዳቸውን በግልጽ ይናገራሉ፣ ሁሉም መዝገቡ ላይ ይፈርማሉ፣ ሹሙ በጋብቻ መተሳሰራቸውን አውጆ የምስክር ወረቀት ይሰጣቸዋል።

ይህን ቅደም ተከተል ልብ ብሎ ላየው ሰው መሐላ አለው፣ ምስክር አለው፣ በአፍ የሚነገር ቃል አለው፣ አዋጅ አለው። በሰማንያ ዘመን የነበረው ሁሉ በአዲስ መልክ እዚህ ተቀምጧል። የጎደለው አፈጻጸሙ ነው። ተገልጋዩ ተሰልፏል፣ ጠረጴዛው ላይ የሌላ ሰው ፋይል ተቆልሏል፣ ቃሉ ሳይነገር ወረቀቱ ይገፋል፣ «እዚህ ጋ፣ እዚህም ጋ» ተብሎ በአምስት ደቂቃ ያልቃል። ሙሽሪት ከቢሮው ስትወጣ መታወቂያ ያሳደሰች እንጂ ያገባች አይመስላትም።

ይህን ለመለወጥ የሚያስፈልገው ገንዘብ ትንሽ ነው። ምስክር የምታደርጉትን ሰው ጥንዶቹን ከልብ ከሚያውቅ መካከል ምረጡ፤ እናትና አባትን ይዛችሁ ሂዱ፤ ለብሳችሁ ሂዱ። ሹሙን ቀደም ብላችሁ አነጋግሩትና የፈቃድ ቃላችሁን ቆማችሁ፣ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ እንድትናገሩ ጠይቁት። የቡራዩ መሥሪያ ቤት የሚሠራው በአፋን ኦሮሞ ስለሆነ፣ ከሁለቱ አንዱ ቋንቋውን የማይችል ከሆነ የሚያስረዳው ሰው አብሮ ይግባ። የሚምለውን ያልገባው ሰው መማሉ ዋጋ የለውም።

«መድረክ መሪ ማለት ተጫዋች ሰው ነው፤ ማይክ ስጠውና ልቀቀው»

ይህን አባባል ብዙ መድረክ መሪዎችም አምነውበታል፤ የብዙ ሰርግ መልክ የተበላሸውም ለዚህ ነው። ስለ አማት የሚወራው ያረጀ ቀልድ፣ «እጅ የት አለ!» የሚለው ጩኸት፣ የሙሽሪትን ስም ተሳስቶ መጥራት፣ ሁሉም የሚመጡት ካለመዘጋጀት ነው።

ዋናው ሥራ የሚሠራው ከሰርጉ ሳምንታት በፊት ነው። ጥንዶቹን አንድ ጊዜ አብረው፣ አንድ ጊዜ ለየብቻ ማነጋገር ያስፈልጋል። አብረው ሲሆኑ የትውውቃቸውን ታሪክ ይናገራሉ። ለየብቻ ሲሆኑ ግን ሌላ ነገር ይወጣል፦ ከእናቷ ጋር የተኳረፈ አክስት አለ፣ አባቱ ሁለተኛ ሚስት አላቸው፣ በዚያ ዓመት የሞተ ወንድም አለ፣ በፍጹም እንዳይነሳ የሚፈለግ ስም አለ። እነዚህን ያላወቀ መሪ አንድ ቃል ወርውሮ ድንኳኑን ያቀዘቅዘዋል። በተለይ የሞተውን ወንድም በሚመለከት ቤተሰቡን አስቀድሞ መጠየቅ የግድ ነው። አንዳንድ እናት ስሙ ተነሥቶ ሰው ሁሉ ለአፍታ እንዲቆምለት ትፈልጋለች፤ ሌላዋ ደግሞ ያን ቀን ማልቀስ አትፈልግም። ይህን ከእሷ በቀር ማንም ሊወስንላት አይችልም።

ቀጥሎ የቋንቋው ነገር ይመጣል። የወለጋው አባት በአፋን ኦሮሞ ሲመርቁ የጎጃሟ እናት ባዶ ዓይን እንዳታይ፣ እሷም በአማርኛ ስትመርቅ እሳቸው እንዳይገለሉ፣ ምርቃቱን ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር እየተቀበለ የሚመልስ ሰው ከአጠገባቸው መቆም አለበት። መጨረሻ ላይ ጠቅለል አድርጎ «መልካሙን ሁሉ ተመኝተውላችኋል» ማለት አያቶቹን መስረቅ ነው። ምርቃት በዝርዝሩ ነው የሚያምረው፤ ከብቱ፣ ዝናቡ፣ ልጁ፣ ደጁ ተራ በተራ መጠራት አለበት።

ሥርዓት የሚመራው ወንድ ሽማግሌ ብቻ ነው የሚለውም ከዚሁ ጋር አብሮ ይውደቅ። በኦሮሞ ባህል እናት ለምታገባ ልጇ ሲንቄ የሚባል በትር ትሰጣለች። በትሩ የሴቲቱ የክብሯ ምልክት ነው፤ ሴቶች ሲንቄ ይዘው በተጣሉ ሰዎች መካከል ሲቆሙ ጠብ ይበርዳል። ቡራዩ ውስጥ ሰርግ ለሚያዘጋጅ ሰው ከዚህ የበለጠ ክብደት ያለው፣ በሴት እጅ የሚፈጸም ሥርዓት ከየትም መዋስ አያስፈልገውም።

አንድ ነገር ደግሞ ሳይድበሰበስ ይነገር። ልጅቷ 18 ዓመት ካልሞላት፣ ወይም ለየብቻ ስትጠየቅ ፈቃዷ እንዳልሆነ ከገባው፣ መድረክ መሪው ማይኩን አይያዝ። ያለ ዕድሜ ጋብቻ በወንጀል ሕጉ የሚያስቀጣ ነው፤ ሥርዓቱን ማሳመርም ወንጀሉን መሸፈን ነው።

«ያለ ካህንና ሼህ የሚመራ ሥርዓት ሃይማኖት የለሾች የሚፈልጉት ነገር ነው»

ተረት። ቡራዩ ውስጥ እንዲህ ያለ ሥርዓት የሚፈልጉት በብዛት አማኞች ናቸው፤ የሁለቱ ቤተሰብ እምነት ስለተለያየ አንዱን ላለማስቀየም ይፈልጉታል። በውጭም የጥቂቶች ነገር አይደለም፤ ሥርዓት የመምራትን ሙያ ለመጀመሪያ ጊዜ በመንግሥት ደረጃ ያደራጀችው አውስትራሊያ ናት። በ1965 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ 1973፣ ጠቅላይ ዓቃቤ ሕጉ ላየነል መርፊ ሎይስ ዳርሲ የተባለችን ሴት የመጀመሪያዋ ሲቪል አጋቢ አድርገው ሾሙ። ዛሬ እዚያ ከሚፈጸሙት 10 ጋብቻዎች 8ቱ ያህሉ በእንዲህ ዓይነት አጋቢዎች ፊት የሚፈጸሙ ናቸው። እዚያም ቢሆን ጥንዶቹ ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ማሳወቅ ግዴታቸው ነው፤ ከእኛ አዋጅ ጋር ይገጥማል። ልዩነቱ እዚያ ሥርዓቱን የሚመራውና መዝገቡን የሚያስፈርመው አንድ ሰው መሆኑ ነው።

«ሥርዓት ጌጥ ነው፤ ዋናው ፍቅር ነው»

ቡራዩ የሚኖር ሰው ይህን ሲል ስሰማ መስከረም 2011ን አስታውሰዋለሁ። እዚህ በተነሣው ሁከት ብዙ ሰው ሞተ፣ ብዙ ቤተሰብ ተፈናቀለ፤ ከተጎዱት ውስጥ ብዙዎቹ የጋሞ ልጆች ነበሩ። ወሬው አርባ ምንጭ ሲደርስ ወጣቱ ለበቀል ተነሣ። የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው ወጡ፤ በወጣቶቹ ፊት መሬት ላይ ተንበርክከው ለመኑ። ልጆቹም ተመለሱ። ሣር በያዘ አባት ላይ መራመድ ነውር መሆኑን ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ስለሚያውቁት ነው የቆሙት። ያን ቀን ሰው ያተረፈው ሥርዓት ነው። ጌጥ ነው የሚል ሰው ይህን ያስረዳ።

«ለቅሶ የካህን ወይም የኢማም ነው፤ ሌላ ሰው ምን ይሠራል?»

ፍትሐቱና ሶላቱ የእነሱ ነው። ከዚያ ውጭ ያለውን የሚሠራው ግን ዕድር ነው፤ ዕድር ደግሞ የጎረቤት ማኅበር ነው። ጥሩምባ የሚያስነፋው፣ ድንኳን የሚተክለው፣ ወንበር የሚያቀርበው፣ ሐዘንተኛ የሚያስተዛዝነው፣ በብዙ ሰፈርም ኦርቶዶክሱን፣ ጴንጤውንና ሙስሊሙን በአንድ መዝገብ የሚይዘው እሱ ነው። ከዚህም በላይ፣ ለአንድ ሰው ብቻ ተብሎ የሚዘጋጅ ሥርዓት በአገራችን የለም የሚል ሰው ካለ፣ በቀብር ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ ያዳምጥ። ያ ጽሑፍ የተጻፈው ለአንዲት እናት ወይም ለአንድ አባት ነው፤ ዳግመኛ ለሌላ ሰው አይነበብም።

የሚያሳዝነው አጻጻፉ ነው። ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን፤ ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት፣ በዚህ ዓመት ተወለዱ፤ ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ትምህርት ቤት ገቡ፤ ደግ፣ ሩኅሩኅ፣ ሰው አክባሪ ነበሩ፤ ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው አረፉ። ስሙን ብትቀይሩት ለማንም ይሆናል። ሌሊቱን አልቅሶ ያደረ ልጅ ጠዋት ላይ በችኮላ ስለሚጽፈው አልፈርድበትም። ለዚህ ነው የሚጽፈው ሰው ከቤተሰቡ ውጭ ቢሆን የሚሻለው።

እኔ ለመጻፍ ስቀመጥ ቅጽሉን ትቼ ሥራውን እጠይቃለሁ። «ደግ ነበሩ» ሲሉኝ «ምን አድርገው?» እላለሁ። አንድ ጊዜ ስለ አንዲት እናት ስጠይቅ ልጆቻቸው ብዙም የሚሉት አጡ። ከማድ ቤት ሽንኩርት ስትከትፍ የነበረች ጎረቤት ናት የመለሰችው፦ «ጋሽዬ፣ እሳቸው ጋ እኮ በር አይቆለፍም ነበር። እኔ ሥራ ውዬ ስመለስ ልጆቼ እሳቸው ቤት በልተው ተኝተው ነው የማገኛቸው። ስንት ዓመት ሙሉ!» ይህ ነገር ጽሑፉ ውስጥ ገባ። ሲነበብ ከሰፈሩ ልጆች መካከል አሁን ጎልማሳ የሆኑት ፊታቸውን ሸፈኑ፤ በዚያ ቤት የበሉት እነሱ ነበሩና። ቤተሰቡን ብቻ ጠይቄ ብነሣ ይህን አላገኝም ነበር። ስለዚህ ዕድርተኛውን፣ ተከራይዋን፣ የሥራ ባልደረባውን ሳይጠይቁ የሕይወት ታሪክ አይጻፍ። ከአምስት ደቂቃ ንባብም አይበልጥ፤ ሰው በፀሐይ ቆሟል።

ሞቱም በ30 ቀን ውስጥ ይመዝገብ። ውርስ፣ ጡረታና የባንክ ሒሳብ ሁሉ ያን ወረቀት ይጠይቃሉ፤ አርባ እስኪወጣ የጠበቀ ሰው ጊዜው አልፎበታል።

«ለልጅ ክርስትና ወይም አቂቃ ካለ ሌላ ሥርዓት አያስፈልግም»

ቤተሰቡ ከወደደው አያስፈልግም። ይሁን እንጂ ኦሮሞ ሐማቺሳ አለው፤ ሕፃኑ የሚታቀፍበት፣ ስም የሚወጣለትና የሚመረቅበት ነው። እምነታቸው የተለያየ ወላጆች አያቶችን ሰብስበው ስም ሲያወጡም አዲስ ነገር አልፈጠሩም። ክርስትና ቢነሣም፣ አቂቃ ቢታረድም፣ የልደት ምዝገባው ግን አይቀርም፤ የ90 ቀኑ ቀነ ገደብ ለሁሉም እኩል ነው።

ለመጪው ጥር ወይም ከፋሲካ በኋላ ላለው ሚያዝያ ቀን የቆረጣችሁ ሁሉ አደራ የምላችሁ ይህን ነው። ዲጄና ቬሎ ከመያዛችሁ በፊት ቢያንስ ወር ሲቀረው ወደ ቀበሌያችሁ ሂዱና አሳውቁ። የምትናገሩትን ቃል በራሳችሁ ቋንቋ ጽፋችሁ ያዙ፤ ለሁለቱም ወገን አያቶች የምርቃት ጊዜ አስቀምጡ። በቤተ ክርስቲያን፣ በመስጊድ ወይም በሽማግሌ ፊት ከተጋባችሁም 30 ቀኑ ሳያልፍ አስመዝግቡ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ሠራተኞችም አደራ፤ ጥንዶች ከፊታችሁ ሲቆሙ ፋይሉን ወደ ጎን አድርጋችሁ ተነሡ፣ ቃላቸውን እስከ መጨረሻው ስሙላቸው።